ደህና ነሽ የሚል ወረቀት

ከላቦራቶሪ መስኮት የሚሰጠው ወረቀት አራት ዓምድ አለው፦ የምርመራው ስም፣ ውጤቱ፣ መለኪያው፣ በስተቀኝ ጫፍ ደግሞ «ኖርማል» የሚባለው ወሰን። «ቲኤስኤች» ከሚለው ፊት ለፊት 3.8 ተጽፏል፤ ወሰኑ ከ0.4 እስከ 4.0 ነው። ከፍ ማለቱን ወይም ዝቅ ማለቱን የምታመለክተው ቀስት የለችም። ሐኪሙ አየት ያደርገውና «ደህና ነሽ፤ ታይሮይድሽ ምንም አልሆነም» ይላል። ሴትዮዋ ግን ሰው ሁሉ በሙቀት ሲቃጠል እሷን ይበርዳታል። ጠጉሯ ከማበጠሪያው ጋር ይቀራል፤ ድምጿ ጎርንኗል፤ ምግብ ሳትጨምር ኪሎ ጨምራለች።

በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለት ምስክር ቆሟል ማለት ነው፤ ወረቀቱና ባለ ገላዋ። የሁለቱ ቃል ሲለያይ በዚህ ዘመን የሚረታው ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ ነው። መርታቱ ሁልጊዜ ግፍ አይደለም። ድካምና ብርድ ብርድ ማለት፣ የጠጉር መሳሳትም ቢሆን፣ በደም ማነስም፣ በእንቅልፍ ማጣትም፣ በሐዘንም ይመጣል። ነገር ግን የድሮ ዳኛ ምስክር ሲቀርብለት «ምን አየህ?» ብሎ አያበቃም፤ «የት ሆነህ አየህ?» ብሎም ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ለቲኤስኤችም ይገባዋል።

ቲኤስኤች ታይሮይድ ውስጥ አይሠራም። የሚመነጨው ከአንጎል ሥር ከተንጠለጠለችው፣ ክብደቷ 1 ግራም እንኳ ከማይሞላው ፒቱታሪ ዕጢ ነው። ፒቱታሪ በደም ውስጥ ያለውን የታይሮይድ ሆርሞን መጠን ትከታተላለች። አነሰ ብላ ስታስብ ቲኤስኤችን አብዝታ ትለቃለች፤ በዛ ብላ ስታስብ ትቆጥባለች። አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ ዕጢ ትእዛዙን ተቀብሎ በአብዛኛው ቲ-4፣ በጥቂቱ ደግሞ ቲ-3 የሚባሉትን ሆርሞኖች ያመነጫል። እንግዲህ ያ 3.8 የሚባለው ቁጥር ስለ ልብ፣ ስለ ቆዳ ወይም ስለ ጡንቻ በቀጥታ የሚለው ነገር የለም። የሚናገረው አንዲት ትንሽ ዕጢ ስለ ሌላ ዕጢ ያላትን አስተያየት ነው።

አስተያየቷ ግን እጅግ ስስ ነው። የነፃው (በደም ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ያልተያያዘው) ቲ-4 መጠን በግማሽ ቢወርድ ቲኤስኤች እስከ 100 እጥፍ ሊያሻቅብ ይችላል። ሌላው አካል ገና ጉድለቱን ሳያውቀው ፒቱታሪ አስቀድማ ትጮኻለች። ሐኪሞች ከሁሉ በፊት ቲኤስኤችን የሚያዙትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ምርጫቸውም ትክክል ነው። ይህን ያህል ጥቂት ወጪ ጠይቆ ይህን ያህል የሚናገር የደም ምርመራ ብዙ የለም።

ከዚህ ለመድረስ የተኬደው መንገድ ረጅም ነው። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1873 ዊልያም ጋል የተባለ የለንደን ሐኪም ለአካለ መጠን ከደረሱ በኋላ ፊታቸው ስላበጠ፣ ምላሳቸው ስለወፈረና አእምሯቸው ስለፈዘዘ ሴቶች ለሙያ ባልደረቦቹ ተናገረ። ምክንያቱን ግን አላወቀም። ከ10 ዓመት በኋላ በስዊዘርላንድ በርን ከተማ ቴዎዶር ኮኸር የእንቅርት ቀዶ ጥገና የሠራላቸውን ሰዎች መልሶ ሲመረምር ደነገጠ። ዕጢው ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ሰዎች ልክ እንደ ጋል ሴቶች ፈዘው፣ አብጠውና ዘግይተው ተገኙ። እጁ የተዋጣለት ስለነበር ዕጢውን አንዳች ሳያስቀር አውጥቶታል፤ ጉዳቱም የመጣው ከዚያ ነው። በ1909 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ይኸው ሰው ስለ ታይሮይድ ጥቅም ለዓለም ያስተማረው በራሱ ታካሚዎች ላይ ከደረሰው ነው።

በ1891 ኒውካስል ውስጥ ጆርጅ መሪ የተባለ ወጣት ሐኪም የ46 ዓመት ታካሚውን ከበግ ታይሮይድ በተጨመቀ ፈሳሽ ወጋት። ሴትዮዋ ዳነች፤ መድኃኒቱን እየወሰደችም 28 ዓመት ኖረች። መሪ መድኃኒቱን የሚመጥነው በምን ነበር? በፊቷ እብጠት፣ በልብ ትርታዋ፣ በአነጋገሯ ፍጥነት፣ በላቧ። በዚያን ጊዜ የነበረው ምስክር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ገላዋ።

ያ ምስክር ብቻውን በቀረበት ዘመን ስንቶች ሳይታወቅላቸው እንደቀሩ መዘንጋት አይገባም። በ1949 ሪቻርድ አሸር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም አእምሯቸው ስለተናወጠ 14 ሰዎች ጻፈ፤ የሁሉም ችግር ሥሩ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ነበር። «አብዷል» ተብሎ የተተወ ሰው ዕጢው ደክሞ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የደም ምርመራን በጅምላ የሚያናንቅ ሰው ይህን ገጽ ቢያነብ መልካም ነው።

ቁጥሩ የተወለደው ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ በሚገኝ የጦር ጡረተኞች ሆስፒታል ነው። ሮዛሊን ያሎ የፊዚክስ ሰው ነበረች፤ ሰለሞን በርሰን ሐኪም። ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች ደማቸው ኢንሱሊኑን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል እንደሚሠራ በ1950ዎቹ ሲጽፉ የሳይንስ መጽሔት ጽሑፋቸውን መለሰባቸው። እነሱ ግን ያንኑ ፀረ እንግዳ አካል ከጨረር አመንጪ ምልክት ጋር አጣምረው በደም ውስጥ ለመገመት የሚያዳግት ጥቂት ሆርሞን የሚለካበት ዘዴ አደረጉት። ዘዴውን በባለቤትነት አላስመዘገቡትም፤ የፈለገ ሁሉ ይጠቀምበት ብለው ለቀቁት። በርሰን በ1972 ሞተ። በ1977 ያሎ ኖቤል ስትቀበል ጽሑፉ የተመለሰበትን ደብዳቤ በንግግሯ ውስጥ አስገባችው። የሽልማቱን ግማሽ ከእሷ ጋር የወሰዱት ሮዠ ጊይመንና አንድሩ ሻሊ፣ ፒቱታሪን ከበላይ ሆኖ የሚያዝዘውን የአንጎል ሆርሞን ያገኙት ሰዎች ናቸው። አዛዡና መለኪያው በአንድ ቀን አንድ መድረክ ላይ ተገናኙ።

እስካሁን ያለው የወረቀቱ የውጤት ዓምድ ታሪክ ነው። የቀኙ ዓምድ፣ ያ «ኖርማል» የሚባለው፣ ሌላ ታሪክ አለው፤ የዚህ ሐተታ ዋና ጉዳይም እሱ ነው።

በ1835 ሮበርት ግሬቭስ የተባለ ሐኪም ደብሊን ላይ ዓይናቸው ስለፈጠጠ፣ ልባቸው በኃይል ስለሚመታና አንገታቸው ስላበጠ ሴቶች ጻፈ፤ ታይሮይድ ከልክ በላይ የሚያመነጭበት ይህ በሽታ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በዚያው ዓመት አዶልፍ ኬትሌ የተባለ ቤልጅየማዊ የሥነ ፈለክና የሒሳብ ሰው «አማካይ ሰው» የሚለውን ሐሳብ የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። ኬትሌ የብዙ ሰዎችን ልክ ሰብስቦ መካከሉን የሰው ልጅ ትክክለኛ አምሳያ፣ ከዚያ የሚርቀውን ደግሞ እንደ ስሕተት ቆጠረው። አንዱ በሽተኛን ሲያይ ሌላው መካከለኛውን ሲፈልግ፣ ሁለቱ መንገዶች ኋላ ላቦራቶሪ ውስጥ ተጋጠሙ።

ወሰኑ የሚወጣው እንዲህ ነው። ጤነኞች ናቸው የተባሉ ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ ቁጥራቸው ቢያንስ 120 እንዲሆን ይመከራል። ደማቸው ይለካል፤ ውጤቱ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደረደራል። ከታች 2.5 በመቶ፣ ከላይ 2.5 በመቶ ይቆረጣል፤ የቀረው «ኖርማል» ይባላል። እንግዲህ ከ20 ጤነኞች አንዱ ገና ከመነሻው፣ በአሠራሩ ብቻ፣ ከወሰን ውጭ ይወድቃል። ምንም አልሆነም። መስመሩ ሲሰመር ውጭ ቀረ እንጂ።

ደግሞስ «ጤነኛ» የሚለውን ማን ይመርጣል? አሜሪካ ውስጥ ከ1988 እስከ 1994 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ17,000 የሚበልጡ ሰዎች ደም ተመረመረ። የታይሮይድ ሕመም ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ውጤት የሚያዛባ መድኃኒት የሚወስዱና በደማቸው ታይሮይድን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል የተገኘባቸው ሲወጡ 13,344 ሰዎች ቀሩ። የእነሱ ወሰን ከ0.45 እስከ 4.12 ሆነ። በ2003 አካባቢ ደግሞ ማጣሪያው ከጠበቀ ከጤነኞቹ ከ95 በመቶ የሚበልጡት ከ2.5 በታች ስለሆኑ የላይኛው ወሰን ወደዚያ ይውረድ የሚሉ ባለሙያዎች ተነሡ። ሌሎች አጥብቀው ተቃወሙ። ወሰኑ ቢወርድ ኖሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አሜሪካውያን በአንድ ሌሊት ሕሙማን ይሆኑ ነበር፤ ከገላቸው አንዲት ነገር ሳትለወጥ።

በ2007 ያንኑ የአሜሪካ ጥናት መረጃ በዕድሜ ከፋፍለው ያዩት ተመራማሪዎች ሌላ ነገር አገኙ። ዕድሜያቸው ከ80 በላይ በሆኑ ሰዎች የላይኛው ወሰን 7.49 ይደርሳል። ለ30 ዓመት ሴት ደወል የሚያስደውል ቁጥር ለአያቷ የዕድሜ ወግ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ቁጥር በመድኃኒት ማውረድ ይጠቅም እንደሆነ ለመፈተን በአራት የአውሮፓ አገሮች 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 737 ሰዎች ተመርጠው ጥናት ተደረገ፤ ውጤቱ በ2017 ታተመ። አማካይ ቲኤስኤቻቸው 6.40 ነበር። ከፊሎቹ የታይሮይድ ሆርሞንን የሚተካውን ሌቮታይሮክሲን፣ ከፊሎቹ ፍሬ ነገር የሌለበት ክኒን ወሰዱ። ከዓመት በኋላ የመድኃኒት ወሳጆቹ ቁጥር ወደ 3.63 ወረደ፤ የሌሎቹ 5.48 ሆነ። ወረቀቱ ተስተካከለ። ድካማቸውና ሌላው ስሜታቸው ግን በሁለቱ ወገን አልተለያየም።

በሌላ በኩል አንዲት ትንሽ የዴንማርክ ጥናት አለች፤ ከትልልቆቹ ይልቅ የምታሳስበውም እሷ ናት። 16 ጤነኛ ወንዶች ለአንድ ዓመት በየወሩ ደም ሰጡ። በ2002 የታተመው ውጤት እያንዳንዱ ሰው የራሱ ጠባብ ወሰን እንዳለው አሳየ፤ የአንድ ሰው ወሰን ስፋቱ የሕዝቡ ወሰን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። አንዱ ዓመቱን ሙሉ 1 አካባቢ ይኖራል፤ ሌላው 2.5 አካባቢ። ስለዚህ የዘወትር ቁጥሯ 1 የነበረ ሴት 3.8 ላይ ስትገኝ ለሕዝቡ ወሰን ገና ውስጥ ናት፤ ለራሷ ግን ከቤቷ ርቃ ሄዳለች። ወረቀቱ አልዋሸም። የመሰከረው ስለ ሕዝቡ ነው፤ የተጠየቀው ስለ እሷ ነበር።

ሐኪምና ፈላስፋ የነበረው ፈረንሳዊው ዦርዥ ካንጊለም በ1943፣ አገሩ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች፣ በዚሁ ጉዳይ ላይ የሕክምና ዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ። ክርክሩ አማካይ ከጤና ጋር አንድ አይደለም የሚል ነው። ጤና ማለት አንድ ፍጥረት ኑሮው ሲለወጥበት ለራሱ አዲስ ሥርዓት ማበጀት መቻሉ ነው፤ በሽተኛውም ሥርዓት አልባ ሳይሆን በጠበበ ሥርዓት ውስጥ የሚኖር ነው። ካንጊለም ትክክል ነው ለማለት ወደ ፈረንሳይ መሄድ አያስፈልግም። የኢትዮጵያን ደጋ ማየት ይበቃል።

አዮዲን ባነሰበት አፈር ላይ የምትኖር ሴት ታይሮይዷ ጥሬ ዕቃ ያጥረዋል። ዕጢው ግን እጁን አይሰጥም። ይገዝፋል፣ ያገኘውን ጥቂት አዮዲን አሟጥጦ ይይዛል፣ ከቲ-4 ይልቅ አዮዲን የሚቆጥበውን ቲ-3ን ያበዛል። በዚህ ጥረት ቲኤስኤቿ ብዙ ጊዜ በወሰኑ ውስጥ ይቆያል። «ደህና» የሚለው ቁጥር የተገኘው አንገቷ ባበጠበት ዋጋ ነው። በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው የኢትዮጵያ ልጆች 40 በመቶ ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከዚህ በስተጀርባ ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት አለ። ከ1998 በፊት አዮዲን የተቀላቀለበት ጨው ከኤርትራ ይመጣ ነበር፤ መንገዱ ሲዘጋ አገሪቱ ፊቷን ወደ አፋሩ የአፍዴራ ጨው አዞረች፤ ያኔ ጨዉ አዮዲን አልነበረውም። በ2011 አዮዲንን ግዴታ የሚያደርግ ደንብ ወጣ፤ በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ10 ቤት 9ኙ ገደማ አዮዲን ያለበት ጨው ተገኘበት። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም ለብዙ ዓመታት በጥቂት አዮዲን ለመኖር ራሱን ያደራጀ የአሮጊት ዕጢ ድንገት ሲጠግብ ከልክ በላይ ማመንጨት ሊጀምር ይችላል፤ ያበጀው ሥርዓት ለእጥረት ዘመን ነበርና።

ምስክሩ የሚታለልበትም ጊዜ አለ። ለጠጉርና ለጥፍር ማማሪያ ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን ጥሩ ማሳያ ነው። ሰውነት በቀን የሚያስፈልገው 30 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ከሱቅ ወይም ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ የሚገኘው እንክብል 5,000 ወይም 10,000 ይይዛል። ብዙ የላቦራቶሪ ማሽኖች ሆርሞኑን የሚያጠምዱት በራሱ በባዮቲን አማካይነት ነው። ደሙ በባዮቲን ሲሞላ ማሽኑ ይምታታል፤ ቲኤስኤችን አሳንሶ፣ ቲ-4ን አብዝቶ ይናገራል፤ ጤነኛዋ ሴት በወረቀት ላይ የግሬቭስ ሕመምተኛ ትሆናለች። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 ስለዚሁ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። መፍትሔው ከምርመራው በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን እንክብሉን መተው ነው፤ ግን ካልተጠየቀች ማን ይነግራታል? ቲኤስኤች ሌሊት ከፍ፣ ከሰዓት በኋላ ዝቅ እንደሚልም፣ መድኃኒት ከተለወጠ በኋላ እውነተኛው ቁጥር ለመታየት ስድስት ሳምንት ገደማ እንደሚወስድም ወረቀቱ ላይ አይጻፍም። ክኒኑን ጠዋት በቡና የሚያወራርድ ሰው መድኃኒቱ በሚገባ ወደ ደሙ እንደማይገባም አይጻፍም፤ በቡና አገር ይህ ጥያቄ ከሁሉ ቀድሞ መጠየቅ ነበረበት።

በአንጻሩ ሰው ጨርሶ መመስከር የማይችልበት ቦታ አለ። ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚሆኑ ሕፃናት አንዱ የሚሠራ ታይሮይድ ሳይኖረው ወይም ዕጢው ደካማ ሆኖ ይወለዳል። ከእናቱ የተሻገረው ሆርሞን ስለሚሸፍነው አብዛኛውን ጊዜ ሲወለድ ምንም አይታይበትም፤ ይጠባል፣ ያለቅሳል፣ ይተኛል። ምልክቱ በዓይን ሲታይ አንጎሉ ተጎድቷል። ዣን ዱሶ የተባለ የኩቤክ ሐኪም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከሕፃናት ተረከዝ የተወሰደች የደም ጠብታ ወረቀት ላይ አድርቆ ሆርሞኑን መለካት እንደሚቻል አሳየ። ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከተጀመረ ልጁ እንደ እኩዮቹ ያድጋል። እዚህ ላይ ቁጥሩ ከእናት ዓይን ይበልጣል፤ ከሐኪም ጆሮም ይበልጣል። በየአገሩ ያለ አራስ ሁሉ ይህ ጠብታ ሊነፈገው አይገባም።

ከዚህ ተቃራኒ የቆመችው እናቲቱ ናት። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት ሴት ፒቱታሪዋ ደም አጥታ ልትሞት ትችላለች፤ ሃሮልድ ሺሃን የተባለ ሐኪም በ1937 የገለጸው ሕመም ይህ ነው። ጡቷ ወተት አይሰጥም። የወር አበባዋ አይመለስም። ከዚያ ዓመታት ያልፋሉ፤ ድካሙ እየባሰ፣ ብርዱ እየጠና ይሄዳል። ላቦራቶሪ ሄዳ ቲኤስኤች ስትለካ ውጤቱ ወሰኑ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ የምትጮኸው ዕጢ ራሷ ደክማለችና። አብሮ ነፃው ቲ-4 ቢለካ ዝቅ ብሎ ይገኛል። አዋላጅና ደም በቀላሉ በማይገኝበት አገር ይህች ሴት የመማሪያ መጽሐፍ ብርቅዬ አይደለችም፤ በጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ወረፋ የምትጠብቅ ሰው ናት። ቲ-4 ማነሱ ብቻ ታይቶ ሌቮታይሮክሲን ቢሰጣት ሌላ አደጋ አለ፤ ፒቱታሪዋ ኩላሊት ላይ የተቀመጡትን አድሬናል ዕጢዎችም ማዘዝ ትታ ከሆነ፣ ከእነሱ የሚመነጨው ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ሳይተካ የታይሮይድ ሆርሞን ብቻ መጀመር ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችላል። ስለዚህ ኮርቲሶሉ መለካት ያለበት አስቀድሞ ነው። ያን ሁሉ ለማሰብ ግን መርፌው ከመነሣቱ በፊት «የመጨረሻውን ልጅ ስትወልጂ እንዴት ነበር? ደም በዝቶብሽ ነበር? ጡት አጠባሽው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እሷም መልሱን ታውቀዋለች።